ጥላው የማን ነው? «ስኖው ክራሽ» የተሰኘው ልብ ወለድና በምናባዊው ዓለም ውስጥ የሰው ገበና

አንድ የልብ ወለድ ሥራ ታትሞ ከወጣ በኋላ ብዙውን ጊዜ የሚጠብቀው ዕድል ተነብቦ መወደድ ወይም ተነብቦ መነቀፍ ነው። ከስንት አንዴ ግን ደራሲው በምናቡ የፈጠረው ዓለም ከመጽሐፉ ገጽ ተነሥቶ በመሐንዲሶችና በባለሀብቶች እጅ ይገባና እንደ ቤት ፕላን ይቆጠራል። አሜሪካዊው ደራሲ ኒል ስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው «ስኖው ክራሽ» የተባለው ልብ ወለድ የገጠመው ዕድል ይኸው ነው። «ሜታቨርስ» የሚለውን ቃል ለዓለም ያበረከተው ይህ መጽሐፍ ነው። ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 28 ቀን 2021፣ ፌስቡክ የተባለው ኩባንያ የድርጅቱን ስም «ሜታ» ብሎ ሲለውጥ ከዚሁ ቃል ላይ ቆርሶ መውሰዱ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተለየ ማብራሪያ ካልተሰጠ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቃሉ የተወሰደው አንድን አስከፊ ዓለም ከሚገልጽ ድርሰት ነው። ደራሲው ያስፈራናል ብሎ የጻፈውን ነጋዴው ያስደስተናል ብሎ ሲሸጠው፣ ሃያሲ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን እናነሣለን። ስቲቨንሰን በምናባዊው ዓለም ውስጥ በሰው የግል ሕይወት ላይ የሚያንዣብበውን አደጋ በትክክል አይቶታል ወይ? ያላየውስ ምንድን ነው? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት፣ ደራሲው በዋናው ታሪክ ላይ ስቶ በጠርዙ ላይ አነጣጥሮ መትቷል የሚል ነው።

፩. ታሪኩ ባጭሩ

የታሪኩ መቼት መንግሥት ተፈረካክሶ ሥልጣኑን ኩባንያዎች እንደ ቅርጫ ሥጋ የተከፋፈሉት የወደፊት አሜሪካ ነው። መንገዱ የነጋዴ ነው፤ ፖሊሱ የነጋዴ ነው፤ እስር ቤቱም እንዲሁ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሂሮ ፕሮታጎኒስት ይባላል፤ ስሙ በእንግሊዝኛ «ጀግናው ባለ ታሪክ» እንደማለት ስለሆነ ደራሲው ገና ከመነሻው በአንባቢው ላይ እየቀለደ ነው። ሂሮ የጥቁር አሜሪካዊ ወታደርና የኮሪያዊት እናት ልጅ ሲሆን፣ ታሪኩ ሲጀምር በማፊያ ለሚመራ ድርጅት ፒዛ ያመላልሳል። የሚያድረው ለዕቃ ማከማቻ በተሠራ ክፍል ውስጥ ነው። መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሲያደርግ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። በምናባዊው ዓለም ሰፊ ቤት አለው፤ ከቀደምት ሠሪዎቹ አንዱ በመሆኑም ይከበራል፤ በጎራዴም የሚስተካከለው የለም።

በዚያ ዓለም የሚመላለሰው የሰው ምስል አቫታር ይባላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ጥላ እንለዋለን፤ ምክንያቱም ጥላ ከሰውየው ተለይቶ የማይቆም፣ ሰውየው ግን በእጁ ሊይዘው የማይችል ነገር ነውና። ታሪኩ የሚከርረው «ስኖው ክራሽ» የተባለ ነገር በብዙዎች እጅ መዞር ሲጀምር ነው። አንድ የፕሮግራም ሠሪ ይህን ሥዕል በምናባዊው ዓለም ሲመለከት ኮምፒዩተሩ ብቻ ሳይሆን የገዛ አንጎሉ ይታወካል። መርዙ የሚገባው በዓይን በኩል ነው። ከጀርባ ያለው ሰው ኤል ቦብ ራይፍ የተባለ፣ የዓለምን የመገናኛ መስመር የተቆጣጠረ ቱጃር ሆኖ ይገኛል።

፪. ጎዳናውና ማዘጋጃ ቤቱ

በመጽሐፉ ውስጥ ሜታቨርስ አንድ ጎዳና ነው። ርዝመቱ 65,536 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ቁጥሩ ለኮምፒዩተር ሰዎች የታወቀ ነው፤ ሁለት በራሱ አሥራ ስድስት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ውጤት ነውና። በዚህ ጎዳና ዳር ቤት መሥራት የሚፈልግ ኩባንያ ቦታ ይገዛል፣ ፈቃድ ያወጣል፣ ከተቆጣጣሪዎች ጋር ይደራደራል፣ ጉቦም ይሰጣል። ደንብ አለ። ለምሳሌ የሰው ጥላ ከባለቤቱ ቁመት ሊበልጥ አይችልም። ደንቡን የሚያወጣው በገሃዱ ዓለም ከ1947 ጀምሮ ባለ አንድ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር ሥር የተቋቋመ ቡድን ሲሆን፣ ከቦታ ሽያጭ የሚገኘው ገንዘብም ጎዳናውን ለመጠገንና ለማስፋፋት ይውላል።

አንባቢ ይህን ልብ እንዲል እንፈልጋለን። መንግሥት በፈረሰበት፣ ሁሉ ነገር ለሽያጭ በቀረበበት ዓለም ውስጥ እንኳ ደራሲው ጎዳናውን ለአንድ ነጋዴ መስጠት አልሆነለትም። ጎዳናው የጋራ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት አለው፤ ጉቦ የሚበላ ቢሆንም ማዘጋጃ ቤት ነው። በገሃዱ ዓለም የሆነው ከዚህ የባሰ ነው። ፌስቡክ መነጽር ሠሪውን ኦኩለስን በ2014 ሁለት ቢሊዮን ዶላር ያህል አውጥቶ ገዛ። ከዚያ በኋላ መነጽሩም፣ መደብሩም፣ መሰብሰቢያ አዳራሹም፣ የመግቢያ ስሙም የአንድ ባለቤት ሆኑ። ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ አዲስ መነጽር የገዛ ሰው በፌስቡክ ስሙ ካልሆነ በቀር እንዳይገባ ተደነገገ። ይህም ማለት አንድ ሰው ለገበያ የሚወጣበት፣ ለጨዋታ የሚቀመጥበትና ከዘመድ ጋር የሚያወራበት ስም በአንድ መዝገብ ላይ ይሰፍራል ማለት ነው።

የጀርመን የውድድር ባለሥልጣን በዲሴምበር 2020 ጉዳዩን መመርመር ጀመረ። በ2022 ኩባንያው ደንቡን ለውጦ ያለ ፌስቡክ ስም የሚገባበትን መንገድ ከፈተ፤ ባለሥልጣኑም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ውጤቱን ይፋ አደረገ። ነገሩ ሲታይ ትንሽ ነው። ሆኖም የሚያስተምረን ነገር አለ። በድርሰቱ ውስጥ የጎዳናው ደንብ የሚወጣው ጎዳናውን በሠሩት ባለሙያዎች ሲሆን፣ በገሃዱ ዓለም ግን ደንቡን ያወጣው ባለ መደብሩ ነበር፤ ያሻሻለውም አንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት በሩን ካንኳኳ በኋላ ነው።

፫. በጠርዝ ላይ የቀሩት ገጸ ባሕርያት

የዚህ መጽሐፍ እውነተኛ ብርታት በጎራዴ ፍልሚያውና በመኪና ሩጫው አይገኝም። ደራሲው እግረ መንገዱን ባስገባቸው ሦስት ሰዎች ላይ ነው።

የመጀመሪያዋ ሁዋኒታ ናት። ሁዋኒታ የጥላዎችን ፊት የሠራች ባለሙያ ናት። ሌሎቹ ፕሮግራም ሠሪዎች ቤቱን፣ ወለሉን፣ ጎራዴውን ሲያሳምሩ እርስዋ በቅንድብና በከንፈር ላይ ደከመች። «ጥቁሩ ፀሐይ» የተባለው የምናባዊው ዓለም አዳራሽ በነጋዴዎች የተጥለቀለቀው በእርስዋ ሥራ ምክንያት ነው፤ ነጋዴ ባላጋራው የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን ሲናገር ፊቱ የሚያሳየውን ማየት ይፈልጋልና። እዚህ ላይ ስቲቨንሰን አንድ ትልቅ እውነት ጨብጧል። የምናባዊው ዓለም ዋጋ ያለው በሰው ፊት ላይ ነው። ፊቱ ወደ ውስጥ እንዲገባ ግን አንድ መሣሪያ ፊቱን ማየት አለበት። በ2022 የወጣው የሜታ ኩባንያ «ክዌስት ፕሮ» መነጽር የለባሹን ዓይንና ፊት የሚከታተሉ፣ ወደ ውስጥ የዞሩ ካሜራዎች ነበሩት። ኩባንያው ጥሬው ምስል በመሣሪያው ላይ ተሠርቶ እንደሚሰረዝ፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድም ካሜራው እንደማይከፈት አስታውቆ ነበር። ይሁንና ፈገግታ አንዴ ወደ ቁጥር ከተለወጠ በኋላ ምስሉ ቢሰረዝም ቁጥሩ ይቀራል። ሁዋኒታ ፊትን ስትሠራ ይህን ጥያቄ አላነሣችም፤ ደራሲውም አላነሣላትም።

ሁለተኛዋ ስም እንኳ ያልተሰጣት ሴት ናት። ዋይ ቲ የተባለችው የአሥራ አምስት ዓመት መልእክት አመላላሽ እናት ስትሆን፣ ከቀድሞው መንግሥት በተረፈ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፕሮግራም ትሠራለች። አንድ ቀን ስለ መጸዳጃ ወረቀት አጠቃቀም የሚናገር ረጅም መምሪያ ይደርሳታል። መምሪያውን ለማንበብ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አስቀድሞ ተሰልቷል፤ ኮምፒዩተሩም እርስዋ ስንት ደቂቃ እንደወሰደባት ይመዘግባል። ቶሎ ብትጨርስ ቸልተኛ፣ ብትዘገይ ደካማ ትባላለች። ስለዚህ ሴትዮዋ የምታነብበትን ፍጥነት ታሰላለች፤ ገጹን በልክ በልኩ ታወርዳለች፤ አንዳንዴም ደግማ የምታነብ ለመምሰል ወደ ላይ ትመለሳለች።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት በመጽሐፉ ውስጥ ከዚህ ትዕይንት የሚበልጥ የለም። ማንም ጎራዴ አልመዘዘም፤ ማንም አልቆሰለም። ግን አንዲት ጎልማሳ ሴት በገዛ ዓይኗ ላይ ተዋናይ ሆናለች። ክትትል በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ምሥጢሩን መስረቅ ብቻ እንደሆነ አድርገን ብዙ ጊዜ እናስባለን። ስቲቨንሰን የሚያሳየን ሌላ ጉዳት ነው፤ የሚታይ ሰው ራሱን እያየ መኖር ይጀምራል። ስታነብ ማንበብዋን፣ ስታስብ ማሰብዋን ለተመልካች ታቀርባለች። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ያወጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ በሥራና በትምህርት ቦታ የሰውን ስሜት ለመገመት የሚያገለግሉ መሣሪያዎችን፣ ለሕክምናና ለደኅንነት ካልሆነ በቀር፣ ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ሲከለክል የነካው ይህንኑ ጉዳት ነው። ድርሰቱ ከሕጉ በሠላሳ ሁለት ዓመት ቀድሟል።

ሦስተኛው ላጎስ ነው። ላጎስ ኮምፒዩተሩን በሰውነቱ ላይ ተሸክሞ በዙሪያው ያለውን ሁሉ የሚቀዳ ሰው ነው፤ የቀዳውም መረጃ መረጃ ለሚነግድ ድርጅት ይደርሳል። እንዲህ ያሉትን ሰዎች ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ይጸየፏቸዋል፤ እያወሩህ ዓይናቸው ሌላ ነገር ያነብባልና። የላጎስ ዘመዶች ዛሬ በየከተማው አሉ። ሜታና የመነጽር አምራች ባልደረባው ካሜራ ያለው መነጽር በ2021 ለገበያ ባቀረቡ ጊዜ፣ የአየርላንድና የጣሊያን የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች መነጽሩ ሲቀዳ የምትበራው ትንሽ መብራት መንገደኛውን በእርግጥ ታስጠነቅቃለች ወይ ብለው ጠይቀው ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። መነጽሩን የገዛው ሰው ውል ፈርሟል፤ በአጠገቡ የሚያልፈው ግን ምንም አልፈረመም።

፬. ሰሙና ወርቁ

አሁን ደራሲው ወዳላየው ነገር እንለፍ።

በ«ስኖው ክራሽ» ውስጥ ጥላ ጭምብል ነው። ባለቤቱ የፈለገውን መልክ ይገዛል፤ ዘንዶ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብ የሌለውም የተዘጋጀ ርካሽ መልክ ይለብሳል፤ ከሕዝብ ስልክ ቤት የሚገባው ደግሞ በጥቁርና ነጭ ይታያል። መልክህን ደበቅህ ማለት ራስህን ደበቅህ ማለት ነው የሚል እምነት በመጽሐፉ ውስጥ ሁሉ ተሰራጭቷል።

የቅኔ ተማሪ የሆነ ሁሉ ይህን እምነት በጥርጣሬ ማየቱ አይቀርም። ቅኔን የተማረ ሰው ሰሙን አይቶ አይቆምም፤ ወርቁን ይፈልጋል። ጥላው ሰም ነው። ወርቁስ የት አለ? ወርቁ በእንቅስቃሴው ውስጥ ነው። ምናባዊው ዓለም እንዲሠራ መነጽሩ የራስን አዟዟርና የእጆችን አካሄድ በየቅጽበቱ መለካት ግዴታው ነው፤ ካልለካ ሥዕሉ ከለባሹ ጋር አይዞርም። ስለዚህ የእንቅስቃሴው መዝገብ እንደ ስም ወይም እንደ አድራሻ «አልሰጥም» የሚባል ነገር አይደለም። መሣሪያው የሚተነፍሰው አየር ነው።

በ2020 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተደረገ ጥናት ለ511 ሰዎች በምናባዊ ዓለም ውስጥ ቪዲዮ እንዲያዩና ጥያቄ እንዲመልሱ አድርጎ ነበር። ከእያንዳንዱ ሰው አምስት ደቂቃ የማይሞላ የእንቅስቃሴ መዝገብ የተማረው ማሽን ከመቶ ዘጠና አምስቱን ማን ማን እንደሆኑ ለይቶ አወቀ። በ2023 ደግሞ የበርክሌይ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው የ55,541 ሰዎችን መዝገብ መረመሩ። እነዚህ ሰዎች «ቢት ሴበር» የተባለ ጨዋታ የሚጫወቱ ነበሩ፤ በሙዚቃ ምት እየመጡ ያሉትን ሳጥኖች በብርሃን ጎራዴ መቁረጥ ነው። ማሽኑ ከመቶ ሰኮንድ እንቅስቃሴ ብቻ ተነሥቶ ከ55,541ዱ መካከል ተጫዋቹን 94.33 በመቶ በሚሆን ትክክለኛነት ለየ። ከአሥር ሰኮንድም ቢሆን 73.20 በመቶ ደረሰ። የራስና የሁለት እጆች እንቅስቃሴ ብቻ በቂ ሆነ፤ ፊት አላስፈለገም፤ ድምፅ አላስፈለገም።

እንግዲህ ሂሮን እናስበው። በምናባዊው ዓለም ወደር የሌለው ጎራዴ ታጋይ የሆነው ይህ ሰው መልኩን መቶ ጊዜ ቢለውጥ፣ ጎራዴውን አንዴ ሲሰነዝር ማሽኑ ያውቀዋል። የደራሲው ጀግና የሚኮራበት ጥበብ ራሱ ማተሙ ነው። ይህ በ1992 የሚታወቅ ነገር ስላልነበረ ስቲቨንሰንን አንወቅሰውም። ዛሬ መጽሐፉን የሚያነብ ሰው ግን እያንዳንዱን የጎራዴ ትዕይንት በሌላ ዓይን ማየቱ አይቀርም።

የቴያትር ሰዎች ይህን ነገር ከማንም ቀድመው ሊረዱት ይገባል። ተዋናይ በመጀመሪያ ዓመት የሚማረው ሰውን ከአካሄዱ መለየት ነው። እናት ልጇን ከደጅ በኮቴው ታውቀዋለች። ሽማግሌው ጋቢውን የሚያጣፋበት፣ ወታደሩ ጡረታ ከወጣ በኋላም ደረቱን የሚነፋበት ሁኔታ የሕይወት ታሪክ ነው። በአካል ላይ ሕመም፣ ድካም፣ ሐዘን፣ እርጅና ይጻፋል። ማሽኑ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ሲማር፣ አንድ ጊዜ የእናትና የተዋናይ ብቻ የነበረው ዕውቀት ወደ ባለ መደብሩ መዝገብ ይገባል። ልዩነቱ እናት የምታውቀውን አትሸጥም።

፭. ሕጉ የት ይቆማል?

ሕግ አውጪዎች እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ ሰውን ለይቶ ለማወቅ የሚሰበሰብ የአካል መለያ መረጃም በደንቡ ውስጥ የተለየ ጥበቃ አለው። የአሜሪካው የኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ከ2008 ጀምሮ እንዲህ ያለ ሕግ አለው፤ በዚሁ ሕግ መሠረት ፌስቡክ ያለ ፈቃድ የፊት አሻራ ሰብስቧል በሚል በተመሠረተበት ክስ 650 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ በ2021 በፍርድ ቤት ጸድቋል። እነዚህ ትርጉም ያላቸው እርምጃዎች ናቸው።

ችግሩ ያለው «ለይቶ ለማወቅ» በሚለው ሐረግ ላይ ነው። የአውሮፓው ደንብ ልዩውን ጥበቃ ያሰረው ከመረጃው ባሕርይ ጋር ብቻ ሳይሆን ከሰብሳቢው ዓላማ ጋር ነው። የጨዋታ ድርጅት የእጅ እንቅስቃሴ የሚሰበስበው ጎራዴው ሳጥኑን መቁረጡን ለማወቅ ነው፤ ሰውየውን ለማወቅ አይደለም። ታዲያ መዝገቡ ዛሬ ተራ መረጃ ነው፤ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ጥያቄ ሲጠይቀው አሻራ ይሆናል። ሕጉ መዝገቡን የሚመዝነው በተሰበሰበበት ቀን በነበረው ልብ ነው፤ ጉዳቱ ግን የሚመጣው ልቡ በተለወጠበት ቀን ነው።

ሁለተኛው ችግር ፈቃድ የሚባለው ነገር ነው። በበሩ ላይ የቆመ ሰው ረጅም ውል ቀርቦለት «እስማማለሁ» ካላለ አይገባም። ጓደኞቹ ሁሉ ከውስጥ ናቸው። የዋይ ቲ እናትም እኮ ሥራዋን መልቀቅ ትችል ነበር! እንዲህ ያለውን ምርጫ ምርጫ ብሎ መጥራት ቃሉን ማርከስ ነው።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ቅራኔ ነው። በ2021 መጨረሻ በሜታ ኩባንያ «ሆራይዘን ወርልድስ» በተባለ ምናባዊ ዓለም ውስጥ አንዲት ሞካሪ ጥላዋ በማታውቀው ሰው ያለ ፈቃዷ እንደተነካካባት አስታወቀች። ኩባንያው በፌብሩዋሪ 2022 ጥላዎች እርስ በርስ ከአራት ጫማ ያህል በላይ እንዳይቀራረቡ የሚያደርግ ወሰን አበጀ። የተበደለ ሰው አቤቱታ ሲያቀርብ ማስረጃ እንዲኖር ደግሞ መነጽሩ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ያለማቋረጥ እየቀዳ እንዲያቆይ ተደረገ። እንግዲህ አንዱን ገበና ለመጠበቅ ሲባል የሁሉም ገበና ይቀዳል። ይህን ቅራኔ በአንድ ቃል ፈታሁ የሚል ሰው ካለ አልተረዳውም። «ስኖው ክራሽ» ግን ጥያቄውን አይነካውም፤ በ«ጥቁሩ ፀሐይ» አዳራሽ ውስጥ ባለጌ ሲገኝ በረኛ ያስወጣዋል፣ ወይም በጎራዴ አንገቱ ይቆረጣል። ለድርሰት ያምራል። ለማዘጋጃ ቤት አይበጅም።

በቅን ልቡና የተሠራም ነገር ቀዳዳ እንደሚኖረው አንድ ምሳሌ እንጨምር። አፕል ኩባንያ በፌብሩዋሪ 2024 ለገበያ ያቀረበው «ቪዥን ፕሮ» የለባሹ ዓይን የት የት እንዳረፈ ለፕሮግራሞች እንዳይተላለፍ፣ የመረጠው ብቻ እንዲታወቅ ተደርጎ ነበር። ይህ የሚመሰገን አሠራር ነው። ተመራማሪዎች ግን በሌላ በር ገቡ። ለባሹ በቪዲዮ ሲነጋገር የሚታየው ምስለ ፊቱ ዓይኑን ያንቀሳቅሳል፤ ያን የዓይን እንቅስቃሴ በመከታተል በዓይኑ የሚጽፈውን ፊደል መገመት እንደሚቻል አሳዩ። ኩባንያው ቀዳዳውን በዚያው ዓመት ደፈነ። ስቲቨንሰን መርዝ በዓይን ይገባል ብሎ ጻፈ፤ የሆነው ተገላቢጦሹ ነው፤ ምሥጢር በዓይን ወጣ።

በአገራችንም ጉዳዩ የሕግ መሠረት አለው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበርና የመጠበቅ መብትን ደንግጓል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ሰብሳቢው ሊከተለው የሚገባውን ሥርዓት በዝርዝር አስቀምጧል። ሆኖም አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት መነጽር ደፍቶ በሚገባበት ዓለም ውስጥ ኩባንያው በሌላ አገር፣ የኩባንያው ኮምፒዩተር በሦስተኛ አገር ሊሆን ይችላል። አዋጁ በወረቀት ላይ ካለው ኀይል ይልቅ በዚያ ርቀት ላይ የሚኖረው ኀይል ነው የሚፈተነው።

፮. የድርሰቱ ጉድለትና የእኛ ፈንታ

ወደ መጽሐፉ እንመለስ። «ስኖው ክራሽ» ፈጣን፣ ቀልደኛና ምናቡ የተትረፈረፈ ሥራ ነው። ጉድለቱም ግልጽ ነው። ስለ ጥንታዊት ሱመርና ስለ ቋንቋ አመጣጥ አንድ የኮምፒዩተር ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ለሂሮ የሚሰጠው ረጅም ትምህርት ታሪኩን እንደ ጭቃ ይዞ ያቆመዋል። ከዚህ የሚከብደው ግን የጭብጥ ጉድለት ነው። ደራሲው የምናባዊውን ዓለም ክፋት በአንድ እብሪተኛ ቱጃርና በአንድ መርዘኛ ሥዕል ላይ አከማቸው። ራይፍ ዕውቀት በሠራተኞቹ ጭንቅላት ውስጥ ሆኖ ማታ ማታ ከግቢው መውጣቱ የሚያንገበግበው ሰው ነው፤ ይህ ግሩም አሣሣል ነው። ነገር ግን ክፉው አንድ ሰው ከሆነ መፍትሔውም አንድ ጀግና ይሆናል። ሂሮ መርዙን ያከሽፋል፤ አንባቢም ተነፈስኩ ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። እውነተኛው አደጋ ግን እብሪተኛ ቱጃር አያስፈልገውም። ውል፣ መዝገብና ማስታወቂያ ይበቁታል።

ደራሲው ይህን ሳያስበው የመሰከረበት ቦታ አለ። ሂሮ በመርዙ ፈንታ በሺህ በሚቆጠሩ ተመልካቾች ፊት የሚያሳየው ነገር የራሱን የጥበቃ ድርጅት ማስታወቂያ ነው! ደራሲው የጻፈው ለቀልድ ነው። ቀልዱ ግን ከታሪኩ የበለጠ እውነት ተናግሯል፤ በዚያ ዓለም አዳኙም ሻጭ ነው። ስቲቨንሰን ራሱ በኋላ በ2014 ወደ አንድ የመነጽር ኩባንያ ገብቶ ለዓመታት መሥራቱ፣ በ2022ም በዚሁ መስክ ሌላ ኩባንያ ማቋቋሙ ነቀፌታ አይደለም፤ ሆኖም ሃያሲና ሠሪ አንድ ሰው ሲሆኑ የሂሱ ስለት እንደሚዶለዱም ያስታውሰናል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለእኛ የጥበብ ሰዎች ምን ፋይዳ አለው? አንደኛ፣ ሥራችን በአካል የሚሠራ ነው። በአሜሪካ የተዋንያን ማኅበር በ2023 ለ118 ቀናት ሥራ ሲያቆም ከጥያቄዎቹ አንዱ የተዋናይ አካል በኮምፒዩተር ተባዝቶ ያለ ፈቃዱና ያለ ክፍያ እንዳይሠራበት የሚል ነበር። በ2024 በተጀመረው የቪዲዮ ጨዋታ ተዋንያን የሥራ ማቆምም እንቅስቃሴያቸውን ብቻ የሚያውሱ ባለሙያዎች እንደ ሌሎቹ ተዋንያን ጥበቃ ያገኛሉ ወይ የሚለው አከራካሪ ነጥብ ሆነ። ነገ የእኛ ተወዛዋዥ እስክስታውን በመለኪያ ልብስ ለብሶ እንዲያሳይ ሲጠየቅ፣ የሚሸጠው አንድ ትርኢት ነው ወይስ የትከሻውን ቋንቋ ለዘለዓለም ነው? ውሉ ላይ ይህ ሊጻፍ ይገባል፤ የሚጽፈውም ማኅበር እንጂ ብቻውን የቆመ ተወዛዋዥ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስለዚህ ዓለም በራሳችን ቋንቋ ልንጽፍ ይገባል። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ድሃ አይደለም። ገበና የሚለው ቃል የአንድን ቤተሰብ ችግርና ክብር በአንድ ላይ ይይዛል፤ ገበና ከታች የሚባለውም ሰው ጨርቅ ስለሸፈነ ሳይሆን የሌላውን ውርደት ስለሸከመ ነው። መምህራን ለተማሪዎቻቸው የመረጃ ጥበቃን ሲያስተምሩ በዚህ ቃል ቢጀምሩ፣ ጉዳዩ የማሽን ሳይሆን የሰው መሆኑን ያስረዱበታል።

አባቶቻችን «ሆድ ከአገር ይሰፋል» ሲሉ የሰው ውስጥ በሌላ ሰው ዓይን ሊለካ የማይችል ስፋት እንዳለው ማመናቸው ነበር። ምናባዊው ዓለም ይህን ስፋት መለካት ጀምሯል፤ በአንገት አዟዟር፣ በዓይን አስተያየት፣ በእጅ ስንዘራ። «ስኖው ክራሽ»ን የሚያነብ ሰው የጎራዴውን ፍልሚያ ይወድደው ይሆናል። እኛ ግን ከሁሉ ይልቅ ያቺን ስም የሌላት እናት እንዲያስታውሳት እንፈልጋለን፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ ሰዓቷን በልቧ እየቆጠረች፣ ያነበበችውን ገጽ እንደገና የምታነብ ለመምሰል ወደ ላይ የምትመለሰውን ሴት። የሆድዋን ስፋት ለመጠበቅ የቀራት ጥበብ ይህች ብቻ ነበረች።